በሮስተር የተጠቀለለ ቆሎ

ወገኖቼ፣ ዛሬ አልለሳለስም። ተናድጃለሁ።

ማክሰኞ ማታ ታክሲ ስጠብቅ የ20 ብር ቆሎ ገዛሁ። ልጅቷ በአሮጌ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። በልቼ ጨርሼ ልጥለው ስል የእጅ ጽሑፍ አየሁ። መንገድ መብራት ሥር ዘረጋሁት። ሮስተር ነው! 4ኛ ክፍል፣ 1958 ዓ.ም። የ22 ልጆች ስም በሰማያዊ ቀለም፣ አንዲት ፊደል ከመስመር ሳትወጣ ተጽፏል። ግርጌው ላይ የኛው ትምህርት ቤት ማኅተም። «ምርመራ» በሚለው ዓምድ፣ ካንዱ ልጅ ስም ትይዩ፣ «ለአጨዳ ሄዶ ቀረ» ይላል። «ቀረ» የምትለዋን የኦቾሎኒ ቅባት አደብዝዟታል።

ይህ መዝገብ የት እንደነበር አውቃለሁ። ያቺ የጭቃ ግድግዳ ያላት የድሮ መማሪያ ክፍል «ሙዚየም» ተብላ ሪባን ሲቆረጥላት ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ደወል የነበረው ቸርኬ፣ የቀለም ብልቃጥ ማስቀመጫ ቀዳዳ ያለው ዴስክ፣ እነዚያ መዝገቦች... ሁሉም ነበሩ። ከዚያማ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነች። ሲጠብባቸው ወረቀቱን በኪሎ ሸጡት። ቁራሌው ሚዛኑን ይዞ በር ላይ ሲቆም መቼም ሰው ሳያየው አልቀረም። ያያችሁ ሁሉ ዝም አላችሁ። አሮጌ ወረቀት ነዋ!

የቅርስ አዋጅማ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ወጥቷል። አዋጅ ግን ቁራሌ አያባርርም። እስቲ ስድስት ኪሎ ሂዱ። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ በተሰጠው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በንጉሡ ክፍሎች ውስጥ፣ ጥይት የበሳው መስታወት እንደተበሳ ተጠብቋል። ለተበሳ መስታወት እንኳ ቦታ ተገኝቷል።

እኔስ? ሙዚየሟ ስትከፈት የ8ኛ ክፍል ፎቷችንን እንዳመጣ ተጠይቄ ነበር። «እሺ፣ ነገ» አልኩ። ፎቶው ይኸው አልጋዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው። ከሪባኑ ቀን ወዲህ በሩን አልረገጥኩም። ባለቤት የላትም ብለው ቢሸጡ ምን ይፈረድባቸዋል? ደግሞ ቆሎውን አጣጥሜ ነው የበላሁት።

እባካችሁ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ጉልት የምትቀመጡ፣ እንዲህ ያለ ማኅተም ያለበት ወረቀት እጃችሁ ከገባ አትቅደዱት። ለማን ስጡ እንደምላችሁ ግን እኔም ጨንቆኛል።

ረቡዕ ተመልሼ ልጅቷን የቀረውን ወረቀት ሽጪልኝ አልኳት። «ከነቆሎው?» ብላ ሳቀች። 11 ቅጠል ተርፏታል። አንዱን አንስታ ትንሽ አየችውና «ጽሑፉ እንዴት ያምራል» አለች። ብር አልቀበልም አለችኝ።

አሁን መዝገበ ቃላት ተጭኗቸው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ከፎቶው ጋር ይዣቸው እሄዳለሁ። የክፍሏ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው ይባላል። ዘበኛው ደግሞ ከሰዓት ነው የሚገባው አሉ። እጠብቀዋለሁ።