ዲማታን ሳይ የሀገር ቤት መምህራን ይታወሱኛል

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ስትሉ ሀያትስቪል የምትባል የሜሪላንድ ከተማ አለች። ዲማታ የሚባለው የወንዶች ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ነው። ልጃቸውን እዚያ ለማስገባት የሚመኙ አበሻ ወላጆች አጋጥመውኛል። ክፍያው ግን ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም።

ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1946 የከፈቱት የቅድስት ሥላሴ ማኅበር መነኮሳት ናቸው። ስሙንም ያገኘው የማኅበሩ መሥራች ከሆነው ቅዱስ ነው። ማኅበሩ በ1198 በሮም ሲጸድቅ ዋና ሥራው የተማረኩ ክርስቲያኖችን ገንዘብ ከፍሎ ማስለቀቅ ነበር። ምርኮኛ ሊያስፈታ የተነሣ ማኅበር ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ በዋሽንግተን ዳርቻ ጎረምሶችን ማስተማሩ ሁሌም ይገርመኛል።

የአሜሪካ የግል ትምህርት ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰፊ ሣር፣ የራስ ስታዲየም፣ የመዋኛ ገንዳ ነው። ዲማታ እንደዚያ አይደለም። ግቢው በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ተጣቦ ተቀምጧል። ጂም አለው፣ ቤተ ሙከራ አለው፣ በሙዚቃ ትምህርቱም ስመ ጥር ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ግን በአገር ደረጃ የታወቀ ሆኖ ሳለ ለዓመታት በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች የተጫወተው ላንዶቨር ባለው የካውንቲው ሜዳ ነው።

ታዲያ ዝናው ከየት መጣ? በእኔ እምነት ከቆዩ ሰዎች ነው። ሞርጋን ዉተን የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ከ1956 እስከ 2002 አሠልጥነዋል። 1,274 ጨዋታ አሸንፈዋል። እኚህ ሰው የታሪክ መምህርም ነበሩ። ኮሌጆች ሲጠይቋቸው እንኳ ትተው አልሄዱም። በጥር 1965 የኒው ዮርኩን ፓወር ሜሞሪያል ትምህርት ቤት ሊገጥሙ ነው። ያ ቡድን በተከታታይ 71 ጨዋታ አሸንፏል። ኋላ ካሪም አብዱል ጀባር ተብሎ የቅርጫት ኳስ ኮከብ የሆነው ረጅሙ ሉ አልሲንዶርም አለበት። ዉተን በልምምድ ላይ ተከላካዮቹን የቴኒስ ራኬት አስይዘው እጃቸውን ወደ ላይ እንዲዘረጉ አደረጉ። ልጆቹ በዚያ ላይ አሻግሮ መወርወርን ለመዱ። ዲማታ 46 ለ 43 አሸነፈ። ዉተን ጡረታ ሲወጡ የተካቸውም የገዛ ተማሪያቸው ነበር።

ይህን ሳስብ አእምሮዬ አዲስ አበባ ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከሕዝባችን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሆኖም ናዝሬት፣ ካቴድራል፣ ሴንት ጆሴፍ የሚባሉትን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከሚማሩባቸውም ብዙዎቹ የሌላ እምነት ልጆች ናቸው። ሴንት ጆሴፍን የመሠረቱት የላሳል ብራዘሮች የሚባሉት፣ ማስተማርን ሥራቸው ያደረጉ የካቶሊክ ማኅበር አባላት ናቸው። የማኅበራቸውን መሥራች ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብላ ሰይማዋለች። እኛም ሀገር በአንድ ሰሌዳ ፊት ያረጁ፣ አባትንም ልጅንም ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። አሁንም አሉ፤ ግን እያነሱ ነው።

የዛሬው መምህር ቀን ያስተምራል፣ ማታ ቤት ለቤት እየዞረ ያስጠናል። የቤት ኪራይ ሲጨምርበት መንፈቀ ዓመቱን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል? ልጆቹ ግን በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት የሒሳብ አስተማሪ ይፈራረቅባቸዋል።

እዚህ አሜሪካም የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር ባብዛኛው ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ያነሰ ነው የሚከፈለው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ልዩነቱ፣ ያ አነስተኛ ደሞዝ ከጤና መድንና ከጡረታ ቁጠባ ጋር ሲደመር ብዙዎቹን ሥራቸው ላይ ያቆያቸዋል። ፍቅር ብቻውን ኪራይ አይከፍልም።

እኛ ውጭ ያለን የቀድሞ ተማሪዎች ስንሰባሰብ የምናዋጣው ለኮምፒውተር፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሕንፃ እድሳት ነው። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ለመምህር የቤት ኪራይ ድጎማ እናዋጣ ሲባል ግን ዝምታ ይሆናል። ሕንፃ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። የመምህር ኪራይ አይታይም። እኔ የምለው ከምናዋጣው እኩሌታው እንኳ ለዚህ ይሁን። ለምሳሌ ሦስት ዓመት የቆየ መምህር ድጎማው ይጀመርለት፣ በቆየ ቁጥር ይጨመርለት። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ በኩል ይሂድ። ማን ይገባዋል የሚለውንም እዚያው ያሉት ይወስኑ። እኛ ከሩቅ ሆነን መምህር መምረጥ የለብንም።