ወርቁን እንደ መዳብ የቆጠሩ ጀግኖች

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሲባል ብዙ ሰው የብሶት ተረት ይመስለዋል። እኔ ግን ተረቱን በተግባር የፈጸሙ ሰዎች አውቃለሁ። ወርቁን በእጃቸው ይዘው፣ እንደ መዳብ ቆጥረው፣ ለገንዘብ ተቀባይ አስረክበው፣ መልሳቸውንም በጥንቃቄ ቆጥረው የተቀበሉ። ዛሬ የማወድሰው እነሱን ነው። እስካሁን ማንም አላወደሳቸውምና ዕዳ አለብን።

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። ሳንቲም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኪስ ውስጥ የሚንቃጨለው፣ ሶፋ ሥር ገብቶ የሚጠፋው ነው። ሌላው ለሰብሳቢ የሚቀረጽ ነው። ከንጹሕ ብር ወይም ከወርቅ ይሠራል። ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል። ክብ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ፣ ምስክር ወረቀት ተጨምሮለት፣ ሙሽራ ይመስል በሳጥን ይመጣል። ሕጉ ይህንንም ገንዘብ ስለሚለው ላዩ ላይ ዋጋ ይጻፍበታል። ዋጋው ግን ለወጉ ያህል ነው። አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ንጹሕ ብር የያዘው የአሜሪካ የብር ሳንቲም «አንድ ዶላር» ይላል። አንድ አውንስ ወርቅ የተሸከመው ወንድሙ ደግሞ «50 ዶላር» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ትሕትና ከሰውም አይገኝ።

ጀግናችን ይህን ትሕትና አምኖ ይቀበላል። አንድ ዶላር ነኝ ካለ፣ አንድ ዶላር ነው! የተጻፈውን ያነባል፤ ያነበበውን ያምናል። እኛ መንግሥት የጻፈውን ሁሉ ከላይ ከታች እየመረመርን «ከጀርባው ምን አለ?» ስንል እናረጃለን። እሱ የሳንቲሙን ጀርባ እንኳ አያይም። እንዲህ ያለ ዜጋ ያለው መንግሥት የታደለ ነው።

ዝግጅቱን ብታዩት ደግሞ! መጀመሪያ ሳጥኑ ይጣላል፤ ኪስ አይበቃውም። ምስክር ወረቀቱ ስልክ ቁጥር ይጻፍበታል። ቀጥሎ ፕላስቲኩ በጥርስ ይከፈታል። ሰብሳቢ የሚባሉት ጭንቀታሞች ሳንቲምን የሚይዙት በጠርዙ ብቻ ነው። አንዳንዶቹማ የጥጥ ጓንት ያደርጋሉ። የጣት ላብ ያረፈበት ፊት ውሎ አድሮ ይበልዛል፣ አሻራው አይለቅም ይላሉ። ለጥራቱ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፤ በአጉሊ መነጽር የምትታይ ጭረት ነጥብ ታስቀንሳለች። ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ደግሞ ማጽዳትን ነው። ጀግናችን ግን እፍ እፍ ይልበትና በሱሪው ጉልበት ላይ ወልወል ያደርገዋል። ምነው ቢሉት፣ ሰው ፊት አሻራ ያለበት ገንዘብ ማቅረብ ነውር ነዋ። ሳንቲሙ በአንድ ሱሪ ከ70 ወደ ስንት እንደወረደ ሰብሳቢዎች ያልቅሱበት።

ከዚያ ሰልፍ ይይዛል። ዋናው ትርኢት እዚህ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ሳንቲሙን እያገላበጠች።

«ገንዘብ ነዋ እህቴ። አንብቢው።»

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«ያላየሽው ገንዘብ አይደለም ማለት ነው?»

ጥያቄው ጥልቅ ነው። ፈላስፎች ስለ ገንዘብ ምንነት ስንት መጽሐፍ ጽፈው እዚህ አልደረሱም። ልጅቷ አለቃዋን ትጠራለች። አለቃው ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል (እዚህ ጋ አምስት ነጥብ ሄደ)። ወደ መብራት ያነሳዋል። ሰልፉ ይረዝማል። ኋላ የቆመ ሰው ሰዓቱን ያያል። ጀግናችን ዘወር ይልና ለሕዝቡ ንግግር ያደርጋል፤ «ሕጋዊ መገበያያ ነው! አልቀበልም ማለት ወንጀል ነው!»

እውነቱን ለመናገር ወንጀል አይደለም። በብሪታንያ «ሕጋዊ መገበያያ» የሚባለው ነገር ጠባብ ትርጉም አለው። ዕዳ ያለበት ሰው በዚያ ገንዘብ ልክፈል ብሎ ካቀረበ፣ አበዳሪው አልከፈለኝም ብሎ ቢከሰው አይረታም ነው ነገሩ። ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ገና ዕዳ የለበትም፤ ሻጩ የፈለገውን መቀበል፣ ያልፈለገውን መመለስ ይችላል። በአሜሪካም የግል ነጋዴ የቀረበለትን ሳንቲም ሁሉ ተቀበል የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። የዩሮ አገሮች ጋ ሲደረስ ነገሩ ይብስ ያምራል። ባለ 2 ዩሮ መታሰቢያ ሳንቲም በሁሉም የዩሮ አገሮች ገንዘብ ነው። ለሰብሳቢ ብቻ የሚሠሩት የብርና የወርቅ ሳንቲሞች ግን ገንዘብነታቸው ባወጣቸው አገር ብቻ ነው። ሳንቲሙ ድንበሩን በተሻገረባት ደቂቃ ጌጥ ይሆናል። ግን ይህን ሁሉ ለጀግናችን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ሰልፉ እንኳ ዝም ብሏል።

አንዳንዴ ደግሞ አለቃው እጁን ይሰጣል። «በቃ ተቀበይው» ይላል፤ ልጅቷ ሳንቲሙን መሳቢያው ውስጥ ትወረውረዋለች። ጀግናችን ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። አሸንፏል! አንድ አውንስ ብር ከፍሎ የአንድ ዶላር ዕቃ ገዝቷል። ማታ መሳቢያው ሲቆጠር ልጅቷ ከራሷ ኪስ አንድ ዶላር ተክታ ሳንቲሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች፣ የዕለቱን ኢኮኖሚ ከሁሉም የተረዳችው እሷ ናት።

ምሁራን እዚህ ላይ ግራ ይገባቸዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ በቶማስ ግሬሻም ስም የሚጠራ ሕግ አለ። መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል ይላል። ሰው ጥሩውን ሳንቲም ይደብቃል፣ ርካሹን ያወጣል ማለት ነው። ጀግናችን ይህን ሕግ በአንድ ቀትር ሽሮታል። ጥሩውን አውጥቶ የተላላጠውን ኪሱ ውስጥ አስቀምጧል፤ ለክፉ ቀን።

ብልጦቹንም ሳላወድስ አላልፍም። የአሜሪካ ሳንቲም አምራች መሥሪያ ቤት በአንድ ወቅት የአንድ ዶላር ሳንቲሞችን በተጻፈባቸው ዋጋ፣ መላኪያ ሳያስከፍል ቤት ድረስ ይልክ ነበር። ሐሳቡ ሳንቲሙ በሕዝብ እጅ እንዲዘዋወር ነው። ሕዝቡም አዘዋወረው! በክሬዲት ካርድ አዘዘ፣ ሳጥኑን ሳይከፍት ባንክ አስገባ፣ በዚያው የካርዱን ዕዳ ከፈለ፣ ካርዱ በሚሰጠው ነጥብ አውሮፕላን ተሳፈረ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የተባለው በትክክል ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2011 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) በካርድ መግዛትን ከለከለ።

የብሪታንያዎቹ ጨዋታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። 100 ፓውንድ የተጻፈበት የብር ሳንቲም በ100 ፓውንድ ተሸጠ፤ ውስጡ ያለው ብር ግን ያኔ የዚያን ሩቡን ያህል እንኳ ይሆን እንደሆነ ነው። ገዢው «ምን ይጎዳኛል፣ ቢያንስ መቶውን ባንክ እመልሰዋለሁ» አለ። ባንኩ አልቀበልም አለ። የቀረጸውም ድርጅት፣ ይህ ለማስታወሻ ነው እንጂ ለመገበያያ አይደለም አለ። ታዲያ መቶ ብሎ የጻፈው ማን ነበር?

ከሁሉም ግን ለአንድ የላስ ቬጋስ ሥራ ተቋራጭ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ለሠራተኞቹ ደሞዝ በወርቅና በብር ሳንቲም ይከፍል ነበር። ግብር ሲመጣ ታዲያ ደሞዙን የቆጠረው ሳንቲሙ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። 50 የሚል የወርቅ ሳንቲም የተቀበለ ሠራተኛ፣ 50 ዶላር ነው ያገኘው! በወረቀት ላይ ሠራተኞቹ ግብር እንኳ የማይደርስባቸው ድሆች ሆኑ። ይሄኛው ከጀግናችን ጋር አንድ ሃይማኖት ነው፤ ልዩነቱ ሃይማኖቱን ማን ፊት እንደሚያውጅ መምረጡ ነው። በ2009 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። ዳኛና ገንዘብ ተቀባይ አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሕልሜን ልንገራችሁ። በአውስትራሊያ የፐርዝ ሳንቲም ማምረቻ የቀረጸው አንድ የወርቅ ሳንቲም አለ። ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ይበልጣል። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ላዩ ላይ «1 ሚሊዮን ዶላር» ተጽፎበታል፤ እሱም ሕጋዊ ገንዘብ ነው። አንድ ቀን ጀግናችን ይህን በፎርክሊፍት ጭኖ ሰልፍ ሲይዝ ባየሁ! ልጅቷ «ዝርዝር የለህም?» ስትለው ብሰማ!

ወይም የ1933ቱን ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ይዞ ቢመጣ። ያ ሳንቲም ተቀርጾ ሳይወጣ እንዲቀልጥ የታዘዘ ነው፤ ጥቂት አመለጡ። በ2002 አንዱ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ሲያበቃ ሌላ 20 ዶላር ጨምር ተባለ። ለምን? ሳንቲሙ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ መንግሥት የተጻፈበትን ዋጋ ካልተቀበለ በሕግ ገንዘብ አይሆንማ። በ2021 ይኸው ሳንቲም ከ18 ሚሊዮን በላይ አወጣ። ልብ በሉ፤ ያቺ 20 ዶላር የተከፈለችው ሳንቲሙ ሱቅ ውስጥ መመንዘር እንዲችል ነው። መንግሥትም እንደ ጀግናችን ያለ ሰው አንድ ቀን ይመጣል ብሎ ተስፋ አልቆረጠም።

ሌቦችም ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ገብተዋል። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ሌባ ብርቅዬ ሳንቲሞች ሰርቆ ከፊሎቹን ወስዶ ሳንቲም ቆጣሪ ማሽን ውስጥ አንቆረቆራቸው። ማሽኑም በተጻፈባቸው ዋጋ ቆጥሮ ከፈለው። እንዲህ ዓይነቱን ሌባ ለሌብነቱ ሳይሆን ለዋጋ ትመናው ነበር መክሰስ።

ማሽኑ ከተነሳ አይቀር፣ ወራሾቹን ላንሳ። አያት 40 ዓመት ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ሲለቅም፣ በአጉሊ መነጽር ሲያይ፣ በወረቀት ሲጠቀልል ኖሮ ይሞታል። የልጅ ልጅ ማሰሮውን ተሸክሞ ማሽኑ ጋ ይሄዳል። ከ1965 በፊት የተቀረጸው የአሜሪካ ሩብ ዶላር 90 በመቶው ብር ነው፤ 6.25 ግራም ይመዝናል። ከዚያ ወዲህ ያለው መዳብና ኒኬል ነው፤ 5.67 ግራም። በጠርዙ ይለያል፤ አዲሱ ላይ ቀላ ያለች የመዳብ መስመር ትታያለች፣ አሮጌው ጥርት ያለ ነጭ ነው። የልጅ ልጅ ይህን አያይም፤ ለማየት ጊዜ የለውም። ማሽኑ ግን ያያል። ክብደቱና ብረቱ ያልለመደው ሲሆንበት አንዳንዱን አይቀበልም፤ ከታች ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ቅጭል አድርጎ ይተፋዋል። የልጅ ልጅ አንዴ መልሶ ይሞክራል። ማሽኑ ይተፋል። «የተበላሸ ነው» ይልና ትቶት ይሄዳል። ለጋስነቱን ተመልከቱ፤ በተጻፈበት ዋጋ እንኳ አይደለም፣ በነጻ!

እንግዲህ ውዳሴዬ ለምን ከልብ እንደሆነ ሳይገባችሁ አልቀረም። ማሽኑ ጋ ማሰሮ የያዘ ወጣት ቆሞ ካያችሁ፣ ከኋላው ተራ የያዝኩት እኔ ነኝ። አይቸኩል። ጊዜ አለኝ።