ይድረስ ለሞደሜ ቀይ መብራት

ቁጥር፦ ሲስተም ስለሌለ አልተሰጠም
ቀን፦ ታኅሣሥ፣ ውርጩ የበረታ ሰሞን
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን ከዚሁ ከደብረ ብርሃን አቀርባለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። ሰላምታዬ ከመኝታ ቤት ሳሎን እስኪደርስ ቢቀዘቅዝ አይፍረዱብኝ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በእስክሪብቶ ነው። ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

ክቡርነትዎን ለማያውቁ ሰዎች ትንሽ ላስተዋውቅዎ። መኖሪያዎ ሳሎናችን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ የተቀመጠው የነጩ ሞደም ግንባር ነው። አጠገብዎ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈዋል። ደህና ቀን ሲሆን ብቅ አይሉም። ኢንተርኔታችንን በሚያመጣው ገመድ፣ በፋይበሩ ውስጥ የሚመጣው ብርሃን ሲቋረጥ ብቻ ይነሣሉ። ከዚያ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። እማዬ ሞደሙን ዳንቴል አልብሳዋለች፤ እኛ ቤት ዳንቴል የማይለብስ ዕቃ የለም። ስለዚህ ማታ አምፖሉ ሲጠፋ በዳንቴሉ ቀዳዳ እየሾለኩ ግድግዳው ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ አበባ ይሥላሉ። አንድ ቀን ቡና የተጠሩ ጎረቤታችን እትዬ አይተውዎት «ውይ ሲያምር! ለገና ነው?» አሉ። እማዬም ሳትደነግጥ «አዎ፣ ልጄ ነው ያመጣው» አለቻቸው። ጎረቤት ፊት ስላላዋረዱን አመሰግናለሁ።

ዋናው ምስጋናዬ ግን ሌላ ነው። መስመሩ ከተበጠሰ ወዲህ እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ማጋነኔ አይደለም። ጥሪ ማዕከል ደወልኩ። መጀመሪያ ሙዚቃ ሰማሁ። ሙዚቃው ሲያልቅ ያው ሙዚቃ እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ አንዲት ትሁት ልጅ አነሣች።

«ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት።»

«አጥፍቼ አብርቻለሁ።»

«አሁንም አንዴ አጥፍተው ያብሩልኝ።»

አጠፋሁ። አበራሁ።

«አሁንስ ምን ይታይዎታል?»

«ቀይ መብራት።»

«ከእኛ በኩል ግን ጤነኛ ነው የሚያሳየው።»

ይህን ስትለኝ ወደ ክቡርነትዎ ዞር አልኩ። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ብልጭ ድርግም ብቻ አሉ። ልጅቷ «ቲኬት ተከፍቶልዎታል» ብላ ስልኩን ዘጋች። በማግስቱ መልእክት ገባልኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ያመለከቱት ችግር ተፈትቷል። እኛን ስለመረጡ እናመሰግናለን።» በደስታ ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። እርስዎ እዚያው ነዎት። (ስለ ምርጫው ደግሞ፣ ምን ከምን እንደመረጥኩ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።)

ለነገሩ መስመሩ ምን እንደነካው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጭድ እስከ ሰማይ የቆለለ አይሱዙ በእኛ ቅያስ ሲታጠፍ ከምሰሶው ወደ ቤታችን የሚመጣውን ገመድ ይዞት ሄደ። ሹፌሩ አልሰማም። ጭዱም አልሰማም። የሰፈር ልጆች፣ ይባረኩ፣ ሁለቱን ጫፍ ፈልገው አገናኙና ቋጠሩልን። ቋጠሮው እስካሁን አለ። የበግ ገመድ ቢሆን በሬ አይበጥሰውም። ፋይበር ግን በቋጠሮ አይቀጠልም።

ጎረቤታችን ጋሼ በአይሱዙው አያምኑም። የመታው ውርጭ ነው ባይ ናቸው። «ባቄላዬን አንድ ሌሊት ያነደደ ውርጭ፣ ገመድ ይምራል?» ይላሉ። ባቄላውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ጠቁሯል። ስለ ገመዱ ግን እንጃ። ያም ሆኖ ከጥሪ ማዕከሉ ማብራሪያ የእሳቸው ይሻላል። ቢያንስ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያምናሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ባለሙያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ገባ። ከሞደሙ ጀርባ አረንጓዴ ጫፍ ያላትን ቀጭን ገመድ ነቅሎ መለኪያው ላይ ሰካት። ስክሪኑን አየ። እኔን አየኝ።

«ወንድሜ፣ ብርሃን የለም።»

ይህንን እርስዎ ቀድመው ነግረውኛል። ልጁ ግን አስረዳኝ። ሞደሙ እስከ ነጋቲቭ 27 ዲቢኤም (የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው) ድረስ የደከመ ብርሃን ማንበብ ይችላል፤ የእኔ ግን ከናካቴው አይደርስም። ገመዱ ውስጥ ያለው የመስታወት ክር ነው፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ። እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር አይጠቀለልም። ጫፉ ተልጦ፣ በአልኮል ተወልውሎ፣ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ማሽን ፊት ለፊት አጋጥሞ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያገናኛቸዋል። ማቅለጡ የሰከንዶች ጉዳይ ነው አለኝ።

«ታዲያ ቀጥለዋ!»

«እኔ የምለካ ነኝ። የሚቀጥለው ሌላ ቲም ነው።»

«ይምጡ ታዲያ።»

«ይመጣሉ። ማሽኑ መስክ ወጥቶ ነው።»

እንግዲህ ይታይዎ። ኃላፊው መስክ ሲወጣ ኖሬያለሁ። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሲገባ፣ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሲሄድ አይቻለሁ። ማሽን መስክ ሲወጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ውሎ አበል ይታሰብለት ይሆን?

ልጁ ሲወጣ ደጅ ላይ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። ከማዕከል የሚመጣ አንድ ፋይበር ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይደርሳል። የተበጠሰው ከክፍፍሉ በፊት ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል፣ ስልኩ ይጨናነቃል፣ ቶሎ ይሠራል። የእኔ ግን ከምሰሶው ወዲህ ነው፤ የተቋረጠብኝ ለብቻዬ ነው። አንድ ሰው ደግሞ ወረፋ ላይ ማን ያየዋል? ክቡር ሆይ፣ ጎረቤቶቼም እንዲቋረጥባቸው ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። ቤተ ክርስቲያን በር ደርሼ አፍሬ ተመለስኩ።

ጎረቤት ካነሣን አይቀር፣ የግድግዳችን ተጋሪ ዋይፋይ አለው። ማታ ማታ የልጆቹ ቲክቶክ ይሰማኛል። የሚስጥር ቁጥሩን በትሕትና ጠየቅኩት። «ውይ፣ እሱን ልጆቹ ናቸው የሚያውቁት» አለኝ። ልጆቹን ጠየቅኩ። «አባዬ ነው የሚያውቀው» አሉ። ቤተሰብ እንዲህ ሲስማማ ደስ ይላል።

አሁን ስለ ሥራዬ። እኔ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሂሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። ኪራዩን ሽሽት 130 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተመለስኩ። ኢንተርኔት ካለ የትም ሆኖ መሥራት ይቻላል ተብሎ የለ? ይቻላል። ብቻ የስልኬ ዳታ በቤታችን ውስጥ ደህና የሚይዘው አንድ ቦታ ላይ ነው። እሱም ማድ ቤቱ መስኮት ሥር።

የሰኞ ስብሰባ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እማዬ ሰኞ ጠዋት እንጀራ ትጋግራለች። የምትጋግረው በኩበት ነው፤ በኤሌክትሪኩ ምጣድ ተስፋ ቆርጣለች (እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል)። ላፕቶፑን የጤፍ በርሜል ላይ አስቀምጬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ገባሁ። አለቃዬ ካሜራ ክፈቱ አሉ። ከፈትኩ። ጭሱ እኔን ቀድሞ ታየ። ሁሉም ዝም አለ። ቀስ ብለው «ቤቱ እየተቃጠለ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ እንጀራ ነው» ከማለቴ እማዬ ከጀርባዬ «ማነው? ሰላም በልልኝ! ቁርስ በልተዋል?» አለች። የወሩ ሪፖርት ሳይነበብ ስለ ኩበት እንጀራ ጣዕም ሲወራ ስብሰባው አለቀ። እውነቱን ለመናገር ከሌሎቹ ስብሰባዎች ሁሉ የተሻለ ነበር።

የዳታው ነገርማ ሌላ መከራ ነው። የቀን ፓኬጅ ገዝቼ ሆትስፖት ከፈትኩ። ላፕቶፑ የለመደው ፋይበር የመጣ መሰለው። አጅሬ ዊንዶውስ ሲጠብቀው የኖረውን አፕዴት ሁሉ ማውረድ ጀመረ። እኔ አንድ ኢሜይል ጽፌ «ላክ» ከማለቴ ፓኬጁ አልቋል የሚል መልእክት ደረሰኝ። እዚህ ችግር ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሆትስፖቱን በልኬት የሚከፈልበት መስመር (metered connection የሚለውን) አድርጉት። ያኔ ዊንዶውስ ትንሽ ያፍራል።

ካፌም ሞክሬያለሁ። አንድ ማኪያቶ ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ አስተናጋጇ ባዶውን ስኒ ልታነሣ በመጣች ቁጥር «አልጨረስኩም» እላታለሁ። ዋይፋዩ ጎበዝ ነበር። ከዚያ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ እኔም እሰይ አልኩ። ለካ ጄኔሬተሩ የተገዛው ለቡና ማሽኑ ነው፤ ራውተሩን አይመለከተውም። ማኪያቶ በሽ በሽ፣ ኢንተርኔት ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ክቡር ሆይ፣ እምዬ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው። በእሳቸው ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘርግቷል። ያውም በዚያ ቆላ፣ በዚያ በረሃ። የእኔ ብልሽት ከቅያሱ ምሰሶ እስከ በራችን ናት። ልጅ ድንጋይ ቢወረውር ይደርሳል። ንጉሡ ተነሥተው ቢያዩን ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ማሽኑ መስክ ነው ቢባሉ ግን ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን ያልተቋረጠ አገልግሎት አለ፤ ሂሳቡ። ወሩ ሲሞላ በሰዓቱ፣ ሳንቲሙ ሳይዛነፍ፣ የወር ክፍያዎ ይህን ያህል ነው ብሎ መጣ። ደውዬ «ያልተጠቀምኩበትን ነው የምከፍለው?» አልኩ። «ሲስተሙ መስመርዎን አክቲቭ ነው የሚለው» ተባልኩ። እርስዎን ምስክር አድርጌ ልጠራ ፈልጌ ነበር። የመብራት ምስክርነት ግን አይመዘገብም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በሕዝብ ግንኙነት ኃላፊነት እንዲሾሙ አመልክቼልዎታለሁ። አነጋገርዎ አጭር ነው። ጋዜጣዊ መግለጫ አያበዙም። የተበላሸውን ተበላሽቷል ይላሉ፤ ሌሊትም፣ በበዓልም፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም። ቦታው ላይ ብዙ አይቆዩም የሚል ስጋት አለኝ፤ እውነት ተናጋሪ ወንበር ላይ አይበረክትም። ቢነሡም ቡፌው ላይ ቦታዎ አለ።

ከሰላምታ ጋር፣
ክፍያ አቋርጦ የማያውቅ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለጭድ ጫኙ አይሱዙ፣ ባለበት
ለማቅለጫ ማሽኑ፣ መስክ
ለሂሳብ ክፍል፣ የእነሱ ሲስተም ስለሚሠራ በኢሜይል