እርማት፦ ከእግራችን ሥር የቀለጠ ባሕር የለም
ወንድሜ፣ «የጎንደር ግንብ ድንጋይ ከመሬት ሥር ካለው የቀለጠ ባሕር የወጣ ነው» ብለሃል። ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የወለደው ባዛልት መሆኑ ልክ ነው። ባሕሩ ግን የለም። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር (ማንትል) በጣም ይግላል እንጂ ጠጣር ነው። ፈሳሽ የማያሳልፋቸው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች እንኳ ያልፉበታል። (ፈሳሹ ያለው 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ነው፤ እሱም ብረት!)

ታዲያ ምን አቀለጠው? ትኩሱ ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ክብደት ይቀልለታል፤ ያኔ በከፊል ይቀልጣል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቀለጠው ድንጋይ እንዲህ ወጥቶ ፈሰሰ፣ ረጋ፣ ደግሞ ፈሰሰ። የስሜን ገደሎች እንደ ደረጃ የተደራረቡት ለዚህ ነው። የቀይ ባሕርና የስምጥ ሸለቆ መከፈትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ፋሲል ግቢ ስትገባ ግንቡን ጠጋ ብለህ እይ። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ካገኘህ፣ ያ የጋዝ አረፋ የተወው ነው።