«ቲ-34» ብቻ ብላችሁ አትለፉን፤ የየትኛው ፋብሪካ?

ዛሬስ ዝም አልልም፣ አንጀቴ አርሯል። ማታ ማታ እያመሸሁ ስንት ሳምንት የለፋሁባቸውን የታንክ ጎማዎች አሁን በገዛ እጄ ደምስሼ ነው የተቀመጥኩት። አሥሩንም!

ብሌንደር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. በ1942 የተሠራ የሶቪየት ቲ-34 ታንክ በስሪዲ፣ ማለትም ከየአቅጣጫው ዞሮ በሚታይ ሞዴል፣ እየሠራሁ ነው። አራት ወር ሆነኝ። ከሩቅ ሲያዩት ታንክ የሚመስል ነገር አይደለም የምፈልገው። ብሎኑም ብየዳውም በቦታው እንዲሆን ነው። ለዚህ መነሻው ከጎን፣ ከፊትና ከላይ የተሣለ ንድፍ ነው። መከራዬም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ንድፍ ሁሉ አንዱ ካንዱ የተገለበጠ ነው። ማን ለካው? የትኛውን ታንክ? የሚናገር የለም። የጎኑን ከፊቱ ጋር ሳገናኘው ቁመታቸው አይገጥምም። የቲ-34 የፊት ብረት ውፍረቱ 45 ሚሊሜትር ነው፤ ከቋሚው መስመር 60 ዲግሪ ወደ ኋላ የተጋደመ። ትልቁ ብልሃቱም ይኸው መጋደሙ ነው፤ በአግድም ለሚመጣ ጥይት ያ ቀጭን ብረት 90 ሚሊሜትር ይሆንበታል። ንድፉን ብለካው 56 ዲግሪ! «አራት ዲግሪ ምን አላት» የሚል አይጠፋም። አራት ዲግሪ ስትስት የታንኩ አፍንጫ ያጥራል፣ የሾፌሩ መዝጊያ ቦታውን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይዛባል። ጎማዎቹም እንደዚያው። በአንድ ጎን አምስት ናቸው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ሰፋ ይላል። ንድፉ ግን እኩል እኩል ደርድሯቸው ቁጭ!

እሺ፣ ንድፉ ይቅርብኝ ብዬ ወደ ፎቶ ዞርኩ። የሙዚየም ታንክ፣ ጥርት ያለ ፎቶ፣ ሥሩ «1942» ተብሎ የተጻፈበት። አምኜ ጎማውን ከዚያ ሠራሁ። ዛሬ ሳጣራ፣ ያ ጎማ ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ በእድሳት የተገጠመ ኖሯል። ታንኩን ማደሳቸው ጥፋት አይደለም። ግን ምናለ አንዲት መስመር ብትጻፍ? «ጎማው ተቀይሯል» ማለት ስንት ቃል ይፈጃል?

ሰው «ቲ-34» ሲል አንድ ታንክ ይመስለዋል። አይደለም። በ1941 ጀርመኖች ሲቃረቡ የካርኮቩ ፋብሪካ ተነቅሎ ኡራል ውስጥ ወዳለችው ኒዥኒ ታጊል ተዛወረ። የስታሊንግራዱ ፋብሪካም ውጊያው ደጃፉ እስኪደርስ ድረስ ይሠራ ነበር። ጎርኪ ከተማ ያለውም ይሠራ ነበር። ሁሉም በእጁ ባለው ነው የሠራው። ላስቲክ ሲጠፋ የጎማው ጠርዝ ብረት ሆነ፤ ጥቂቷ ላስቲክ ወደ መሃል ገባች። ብየዳው እንኳ ይለያያል። በማሽን የተበየደው ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው፣ በእጅ የተበየደው ሻካራ። የአንዱን ቱሬት (መድፉን ተሸክሞ የሚዞረውን የላይኛውን ክፍል) ከሌላው ጎማ ጋር ስታጋባው በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ ታንክ ይወጣል።

በጣም ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። «1942» የተባለው ንድፍ ቱሬቱ ላይ የአዛዡን መመልከቻ ጉልላት ጭኖበታል። ጉልላቱ የመጣው በ1943 ነው። በ1942 ታንኩ ውስጥ አራት ሰው ነበር፤ አዛዡ ራሱ መድፉን ያነጣጥራል፣ ዙሪያውን የሚያይበት ነገር እምብዛም የለውም። ያንን ጉልላት ስትጨምርለት እነዚያ ሰዎች ያዩትን መከራ ሰረዝክባቸው ማለት ነው። ለዚህ ነው «ማን ያየዋል፣ ዝም ብለህ ጨርስ» ስባል ደሜ የሚፈላው።

ሰንሰለቱ ላይ ሦስት ሳምንት ፈጅቻለሁ፤ እሱ አይቆጨኝም። በአንድ ጎን 72 ቁራጭ ነው። ግማሹ መሃሉ ላይ ጥርስ አለው፣ ግማሹ ልሙጥ ነው፣ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ከኋላ ሆኖ የሚነዳው ጎማ ራሱ ጥርስ የለውም፤ የሰንሰለቱን ጥርስ የሚይዘው በውስጡ ባሉት ሮለሮች ነው። ቁራጮቹን የሚያያይዘው ፒን ደግሞ በብሎን አልታሰረም። እየተንሸራተተ ወደ ታንኩ አካል ይወጣል። ከነጂው ጎማ አጠገብ አንዲት ሰያፍ ብረት ተበይዳለች። የወጣው ፒን እዚያ ሲደርስ ትገጨውና ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ያቺን ብረት ስሠራ ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አላወቅሁም። በገንዘብ የሚሸጡ ስንት ሞዴሎች ከፍቼ አየሁ፤ አንዱም ላይ የለችም። ነጂውን ጎማ እንደ ብስክሌት ጥርስ ያበቀሉለትም አሉ።

ወገን፣ ንድፍ የምትለጥፉ፣ ፎቶ የምታጋሩ፣ አደራ። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ፣ የስንት ዓመት ምህረት እንደሆነ፣ ምኑ እንደተቀየረ ጻፉበት። ካላወቃችሁ ዓመቱን ባዶ ተዉት። ከ1942 የቀረና ጎማው ያልተነካ ቲ-34 በሜትር የመለካት ዕድል ያለው ሰው ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የምፈልገው ከሁለተኛው ጎማ መሃል እስከ ሦስተኛው መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ነው። እሱን እስካገኝ ታንኬ ያለ ጎማ ይቆማል።