ስምንት ፓርክ በአሥር ቀን

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ቤት የተነሳው ክርክር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሦስት ቤተሰብ ነን፤ እዚሁ አሜሪካ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚኒቫን ተከራይተን ወደ ምዕራብ እንሂድና ብሔራዊ ፓርኮቹን እናሳያቸው ተባባልን። ጁላይ ላይ፣ አሥር ቀን። እዚህ ድረስ ፍቅር ነበር። ጠቡ የመጣው "ስንቱን እንይ?" ሲባል ነው።

አንደኛው አባወራ የረጅም መንገድ ትራክ ሹፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ዕረፍት ማቀድ ግን አይችልም። ስልኩን አውጥቶ ዕቅዱን ሲያነብልን ጭነት የሚያደርስበትን ዝርዝር የሚያነብ ነው የመሰለኝ። ከላስ ቬጋስ ተነስተን ዛየን፣ ብራይስ ካንየን፣ ካፒቶል ሪፍ፣ አርችስ፣ ካንየንላንድስ። ከዚያ ወደ ሰሜን ግራንድ ቲተንና የሎውስቶን። ከዚያ ተመልሰን ግራንድ ካንየን። ከዚያ ላስ ቬጋስ። ስምንት ፓርክ፣ ከ2,000 ማይል በላይ።

"በየቦታው ስንት ስንት ሰዓት ነው የምንቆየው?" አልኩት።

"ዛየን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ብራይስ ሁለት፣ አርችስ ሁለት ተኩል፣ ምሳን ጨምሮ።"

ምሳን ጨምሮ!

ከእኛ ጋር አንዲት በዕድሜ የሚበልጡን እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው "ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉት።

ሳቀ። "እትዬ፣ እሱ የወፍጮ ዘመን ተረት ነው፤ አሁን ሃይዌይ አለ" አለ። ሁላችንም የምንስቅ መስሎት ዞር ዞር ብሎ አየን። ማንም አልሳቀም።

የእሱ መከራከሪያ ሲጨመቅ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ "ለአውሮፕላን ከከፈልን አይቀር ሁሉንም እንይ።" ሁለተኛ፣ "የፓርኩ ካርድ 80 ዶላር ነው፤ ብዙ ፓርክ ባየን ቁጥር ይረክሳል።" ሦስተኛ፣ "እኔ በቀን 11 ሰዓት ነድቼ ነው የምውለው፣ ይሄ ለእኔ ምንም ማለት አይደለም።" በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ልጆቹ አንድም ቃል የለበትም። ጉዞው ለልጆቹ ነው ተብሎ አይደል የተጀመረው?

ስለ ካርዱ እኔው መለስኩለት። ካርዱ ለዓመት ነው የሚያገለግለው፤ መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስገባል፤ በአሥር ቀን ካልጨረስነው አይበላሽም። ደግሞ የእኔ ትንሿ አራተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ያለበት መኪና እስከ ኦገስት መጨረሻ በነፃ የሚገባበት ፕሮግራም አለ። ድረ ገጹ ላይ ልጅቷ ራሷ ትሞላለች፣ ወረቀቱን እናትማለን፣ በሩ ላይ እናሳያለን። ስለዚህ ቢያንስ የአንዱ መኪና 80 ዶላር ከነጭራሹ የለም። ይህን ስነግረው "እሱ ሌላ ነገር ነው" አለ። ምኑ ነው ሌላ? ያነሳኸው አንተ ነህ እኮ።

የመንዳቱን ነገር ደግሞ እትዬ ያዙት። "አንተ 11 ሰዓት የምትነዳው ጭነት ይዘህ ነው" አሉት። "ጭነት ሽንቴ መጣ አይልም። ጭነት አያስመልሰውም። ጭነት ወንድሙን አይቆነጥጥም።" ሚስቱ ከጎኑ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። እሷ ናት ኋላ ወንበር ላይ ፌስታል ይዛ የምትቀመጠው፣ ታውቀዋለች። ደግሞ የሥራው ሕግ ራሱ ስምንት ሰዓት የነዳ ሹፌር ግማሽ ሰዓት ማረፍ አለበት ይላል። መንግሥት ለሹፌር ያሰበውን አባት ለስድስት ዓመት ልጅ የማያስብበት ምክንያት አይገባኝም።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ማይሉን መቁጠር ስንጀምር ነው ነገሩ ይበልጥ የገረመኝ። ከሞአብ፣ ማለትም አርችስና ካንየንላንድስ ካሉበት ከተማ፣ እስከ ግራንድ ቲተን ሳይቆሙ ቢሄዱ እንኳ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከየሎውስቶን ግራንድ ካንየን ደግሞ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ። ካርታ ያታልላል። ግራንድ ካንየንን ብቻ ውሰዱ፤ ከደቡቡ ጠርዝ እስከ ሰሜኑ ጠርዝ ወፍ ብትበር አሥር ማይል ነው፤ በመኪና ግን ገደሉን ዞሮ ከ200 ማይል በላይ፣ አምስት ሰዓት ያህል። እሱ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽፏቸዋል። ስልኬ ላይ ሳሳየው ተቀብሎ አጎላው፣ አሳነሰው፣ መለሰልኝ።

ዛየንም እንደዚያው። የፓርኩ ማመላለሻ አውቶቡስ በሚሠራበት ወቅት የሸለቆው ዋና መንገድ በግል መኪና አይገባበትም፤ ከ2000 ጀምሮ እንዲህ ነው። መኪናህን አቁመህ፣ ተሰልፈህ፣ በአውቶቡስ ነው የምትገባው። አንድ ሰዓት ተኩሉ ሰልፉና ፓርኪንጉ ላይ ያልቃል። አርችስ በጁላይ ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ38 ዲግሪ ያልፋል። ዴሊኬት አርች ወደሚባለው የድንጋይ ቅስት የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ ሦስት ማይል ነው፣ ዛፍ የሚባል ጥላ የለውም። ሕፃን ይዘህ በእኩለ ቀን፣ "ምሳን ጨምሮ"!

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ እትዬ እንደገና፣ ለካርታው የሚነግሩት ይመስል።

የእሳቸው ሐሳብ አጭር ነው። ሁለት ፓርክ ብቻ፤ የሎውስቶንና ግራንድ ቲተን። ጎን ለጎን ናቸው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መንገዱ አይሰለችም። ከፍታ ላይ ስለሆኑ በጁላይም ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስለብሳሉ። ሶልት ሌክ ሲቲ በአውሮፕላን ወርደን አምስት ሰዓት ብንነዳ የሎውስቶን ምዕራብ በር ላይ ነን። ሌላው ለሌላ ዓመት ይቆይ። "ተራራው የትም አይሄድም" አሉ።

ያኔ ነው ሹፌሩ የመጨረሻውን ጥይት የተኮሰው። "የሎውስቶንን እኮ አምና አይቼዋለሁ፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።"

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር። ቀና ሳትል "አባዬ፣ እኛ እኮ አላየነውም" አለች።

ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ ልጅቷ ነገረችን። አምና ኦልድ ፌይዝፉል ጋ ሲደርሱ፣ ያ ከመሬት ሽቅብ የሚፈናጠረው ፍል ውሃ፣ ጋይዘር የሚሉት፣ ገና መፈንዳቱን መጨረሱ ነበር። ሰው ከአግዳሚው እየተነሳ ይሄዳል። በአማካይ በየ90 ደቂቃው ነው የሚፈነዳው፤ ቀጣዩ ስንት ሰዓት እንደሆነ አሥር ደቂቃ ወዲህ ወዲያ ብለው ይለጥፋሉ። አባቷ ወረቀቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ "አይደርስልንም" አለ። ልጆቹን እንፋሎቱ ፊት አስቁሞ ፎቶ አነሳቸውና ወደ መኪና። መንገድ ላይ ደግሞ ባይሰን የሚሉት ጎሽ መንገዱን ዘግቶ መኪና ሁሉ ቆመ። ሌሎቹ ልጆች መስኮት ላይ ተለጥፈው ያያሉ። አባቷ መሪውን በጣቱ እየመታ "ቶሎ በል፣ አንተ!" ይለዋል ጎሹን። አንድ ሺህ ኪሎ ሊሞላ ምንም የማይቀረው እንስሳ ነው እንግዲህ ቶሎ በል የሚባለው።

ፎቶውን አሳየችን። ሦስት ልጆች፣ ከኋላቸው ነጭ ጭስ። የማንም ቤት ጓሮ ሊሆን ይችላል።

እትዬ ተረቱን ለሦስተኛ ጊዜ አላሉም። ልጅቷን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

እሱ ትንሽ ቆይቶ "ቢያንስ ደርሰናል" አለ። ይህን ሲል አዘንኩለት፣ ተናደድኩም። የሎውስቶን በ1872 ሲከለል በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነበር። የዓለም ጋይዘር ከግማሽ በላዩ እዚያ ነው ያለው። ውስጡን የሚዞረው መንገድ ብቻ 142 ማይል ነው፤ ከ45 ማይል በላይ አይነዳበትም፣ ጎሽ ከገባበት ደግሞ ጭራሽ አይነዳበትም። ተኩላ ማየት የፈለገ ላማር ሸለቆ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። ተኩላዎቹ ራሳቸው ከጠፉ በኋላ በ1995 ነው ተመልሰው የመጡት፤ እነሱን ለመመለስ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፣ እኛ አንድ ጠዋት አንጠብቃቸውም? ልጆች ደግሞ ጁኒየር ሬንጀር፣ ማለትም ትንሽ የፓርክ ጠባቂ፣ የሚሆኑበት ደብተር አለ። ያዩትን ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ፣ ከሬንጀር ጋር ይራመዳሉ፣ ሲጨርሱ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ቃል ይገባሉና ባጅ ይሰጣቸዋል። የእኔ ትልቁ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ ፓርክ ያገኘውን ባጅ እስካሁን ቦርሳው ላይ ነው የሰካው። ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ምሳን ጨምሮ፣ ይህ አይሆንም።

እኔ እንግዲህ ከእትዬ ጋር ነኝ፤ ገና ከመጀመሪያው ነበርኩ። ብዙ ፓርክ ማየትና ፓርክ ማየት አንድ አይደሉም። አሥር ቀን መኪና ውስጥ የተቀመጠ ልጅ የሚያስታውሰው የፊት ወንበሩን ጀርባ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያንገበግበኝ የእሱ ዕቅድ ብቻ አይደለም። ሁላችንም እንዲህ ሆነናል። ሁለት ሥራ እንሠራለን፣ በሁለቱ መሐል መኪና ውስጥ እንበላለን፣ ከዚያ ዕረፍት ሲመጣ ሦስተኛ ሥራ እናደርገዋለን። መነሻ ሰዓት፣ መድረሻ ሰዓት፣ ስንት ጨረስን። ልጆቻችን አማርኛ አይችሉም እያልን እናማርራለን፤ "ቶሎ በሉ" የሚለውን ግን አንድም የማያውቅ ልጅ አላየሁም። ጠዋት ቶሎ በሉ፣ ማታ ቶሎ በሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቶሎ በሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቶሎ በሉ። ከእናትና ከአባታቸው ቋንቋ የወረሱት ይህን ነው።

ሰው ቤት ሄደን ኮታችንን ሳናወልቅ የምንመለስ ሆነናል። ልቅሶ ቤት እንኳ ከጠረጴዛ ሥር ሰዓት እናያለን። የታመመ ጠይቀን ስንወጣ "ተገላገልኩ" እንላለን፣ ከምኑ እንደተገላገልን እግዜር ይወቅ። የትም ብንሄድ ፎቶ አንስተን፣ ለጥፈን፣ ማን እንዳየው ቆጥረን እንመለሳለን። ጎረቤት ሦስት ከተማ ከዞረ እኛ አምስት። ድሮ ወላጆቻችን አንድ ሰው ዘመድ ጋ ሄደ ሲባል "ስንት ቀን ተቀመጠ?" ብለው ነበር የሚጠይቁት። ዛሬ የሚጠየቀው "የት የት ሄዳችሁ?" ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እትዬ። የእኛ ደግሞ ባሰ፤ አፍስሰን ለመልቀም እንኳ አንጎነበስም፣ ረግጠነው ነው የምንሄደው።

ሹፌሩ አላኮረፈም፣ እንደሱ ዓይነት ሰው አይደለም። ሲወጣ በሩ ላይ "ቢያንስ አርችስን እንጨምር" አለኝ። አይሆንም አልኩት። አርችስ ከመንገዳችን ወደ አራት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ነው፣ ከዚያ ደርሶ መልሱ አለ። "እሺ፣ አስብበታለሁ" ብሎ ሄደ። ሚስቱ ግን ከመኪናው መስኮት አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

በማግስቱ ማታ ክፍል ስፈልግ አመሸሁ። ፓርኩ ውስጥ ያሉት ሆቴሎች ከዓመት በላይ አስቀድመው ነው የሚያዙት፣ አንድም አልተረፈም። ሹፌሩ "ክፍል እንደደረስን እንይዛለን" ሲል የነበረው ይህን ነው እንግዲህ። ሰሜን በር ላይ ጋርዲነር የምትባል ትንሽ ከተማ አራት ሌሊት አገኘሁ፣ ግራንድ ቲተን አጠገብ ያለችው ጃክሰን ደግሞ ሦስት ሌሊት። የእሱ ቤተሰብ የሚተኛበትም አለበት። ካርታውን ሁሉም ስልክ ላይ አውርዱት ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፣ ፓርኩ ውስጥ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ለልጅቷ ብዬ ወረቀት ላይ የቀኑን ፕሮግራም አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ኦልድ ፌይዝፉል፣ እስኪፈነዳ።