ስለ አውግስጢኖስ ትንሽ ልጨምር

ስለ ጥንት ክርስቲያኖችና ስለ ሮማውያን ምግባር የቀረበውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የጥንት ክርስቲያኖች የሮማውያንን የምግባር ትምህርት ጠራርገው ጣሉት የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። የሰሜን አፍሪካውን ጳጳስና የክርስትና ጸሐፊ አውግስጢኖስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ410 ጎቶች የሚባሉ የጀርመን ነገዶች ሮምን ሲዘርፉ፣ ብዙዎች «የድሮ አማልክቶቻችንን ስለተውን ነው» ብለው ክርስቲያኖች ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። እሱም መልስ እንዲሆን በ413 ገደማ «የእግዚአብሔር ከተማ»ን መጻፍ ጀመረ።

እዚያ ውስጥ ሬጉሉስን ደጋግሞ ያነሳዋል። ሬጉሉስ የሮም ባላንጣ በነበረችው የሰሜን አፍሪካ ከተማ በካርቴጅ የተማረከ የሮም ጦር አዛዥ ነው። ካርቴጆች ምርኮኛ እንዲያስለውጥ፣ ካልሆነለት ግን እንዲመለስ አስምለው ወደ ሮም ላኩት። እሱ ለምክር ቤቱ «እንዳትለዋወጡ» ብሎ መከረ። ከዚያ መሐላውን አክብሮ ወደ ጠላቶቹ ተመለሰ። አሠቃይተው ገደሉት ይባላል። አውግስጢኖስ ይህን ጣዖት አምላኪ ከልቡ ያደንቀዋል! ለክርስቲያኖችም «ከእሱ አንሳችሁ እንዳትገኙ» ዓይነት ምክር ይሰጥበታል።

የአውግስጢኖስ ጥያቄ ያለው ሌላ ጋ ነው። ሮማውያኑ ያን ሁሉ ያደረጉት ለማን ብለው ነው? ሮማውያን ለዝና ሲሉ የገንዘብ ፍቅርን አሸነፉ ይላል። በእሱ ዓይን ግን ዝናን መውደድም ራሱ እንከን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ የጨከነባቸው ይመስለኛል። ሞት እንደሚጠብቀው እያወቀ ለጠላት የገባውን ቃል የጠበቀ ሰው ያሰበው ዝናን ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ጸሐፊው ይህን ነጥብ ሰፋ አድርገው ቢመለሱበት ደስ ይለኛል።